«ደንቡ ጸደቀ» ሲባል ማዕቀቡ ጸደቀ ማለት ነው?

ጥያቄው የመጣው ፒያሳ አካባቢ ከሚሠሩ አንባቢ ነው። «ስለ አሜሪካ ምክር ቤት በተጻፈ ዜና ላይ "ኮሚቴው ለማዕቀቡ ሕግ ዝግ ደንብ አጸደቀ" የሚል አነበብኩ። የሥራ ባልደረባዬ ማዕቀቡ ተጣለ አለኝ። እኔ ደግሞ በዝግ ስብሰባ ሊወያዩበት ነው ብዬ ተረዳሁት። ማናችን ነን ልክ?»

ሁለታችሁም አይደላችሁም። ጥፋቱ ግን የእናንተ ሳይሆን የትርጉሙ ነው።

በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት 13 አባላት ያሉት አንድ ኮሚቴ አለ። ረቂቅ ሕግ ወደ ሙሉ ጉባኤው ከመግባቱ በፊት ክርክሩ በምን መልክ እንደሚካሄድ ሐሳብ ያቀርባል። ስንት ሰዓት ይወራበት? ሰዓቱን እነማን ይካፈሉት? የትኛው ማሻሻያ ይቅረብ? ብዙውን ጊዜ 1 ሰዓት ይሰጥና ለሁለቱ ወገን እኩል ይከፈላል። ይህ ራሱን የቻለ የውሳኔ ሐሳብ ስለሆነ ምክር ቤቱ መጀመሪያ እሱ ላይ ድምፅ ይሰጣል። እስከዚህ ድረስ ማዕቀቡ ገና አልተነካም።

በእንግሊዝኛ «ሩል» (rule) የሚባለውን ይህን ሐሳብ «ደንብ» ብለን ስንተረጉመው አንባቢ ይሳሳታል። እኛ አገር አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ። ፒያሳ መንገድ ላይ ለሚነግድ ሰውማ ደንብ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ደንብ አስከባሪ ነው። እርግጥ 4 ኪሎ ያለው ምክር ቤታችንም የአሠራር ደንብ አለው። እሱ ግን ቋሚ ነው፤ ለመጣው ረቂቅ ሁሉ ያገለግላል። የአሜሪካው ኮሚቴ የሚያወጣው ለተወሰነ ረቂቅ ብቻ ነው፤ ረቂቁ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ስለዚህ «የክርክር ሥርዓት» ቢባል እመርጣለሁ።

«ዝግ» የሚለው ደግሞ ይብሳል። በአማርኛ ዝግ ችሎት፣ ዝግ ስብሰባ ስንል ሰው አይገባም ማለታችን ነው። እዚያ የተዘጋው ግን በሩ አይደለም። ክርክሩ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። የተዘጋው ማሻሻያ ማቅረቡ ነው። ታዲያ ለምን እንደዚያው አንለውም? «ኮሚቴው በማዕቀቡ ረቂቅ ሕግ ላይ ማሻሻያ የማይቀርብበት የክርክር ሥርዓት አሳለፈ።» ትንሽ ይረዝማል፤ ግን ማንንም አያሳስትም።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ2014 ስለ ኢትዮጵያ የቀረበው የአሜሪካ ረቂቅ ሕግ፣ ኤች አር 6600፣ ከምክር ቤቱ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሲያልፍ፣ 4 ኪሎ ካፌ ውስጥ «ጸደቀ እኮ!» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰዉ ደንግጦ ነበር። ረቂቁ ግን ሙሉ ጉባኤው ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ። «ከኮሚቴ አለፈ» እና «ጸደቀ» በመሃላቸው ብዙ መንገድ አለ። እኛም ጋ ቢሆን ረቂቅ አዋጅ ለቋሚ ኮሚቴ ሲመራ ጸደቀ አንልም።

ስለ «ማዕቀብ» ስላነሳችሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ በጣም የምወደው ቃል ነው። ሥሩ የግእዙ «ዐቀበ» ነው፤ ጠበቀ ማለት። ዐቃቤ ሕግ የሕግ ጠባቂ ነው። በየወሩ የምንጥለው ዕቁብም ከዚያው ቤት ነው። ከአንድ ነገር ራሱን የጠበቀ ሰው «ታቀበ» ይባላል። ስለዚህ በማዕቀብ ላይ ድምፅ ሲሰጥ እጁን ለድጋፍም ለተቃውሞም ያላወጣው ሰው ድምፀ ተአቅቦ ነው የሚያደርገው። ማዕቀቡም ተአቅቦውም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው።

አጠቃቀሙ ላይ ደግሞ፣ ማዕቀብ ይጣላል፣ ይነሳል፤ የሚጸድቀው ሕጉ ነው። የባልደረባዎን «ተጣለ» ሕጉ ተፈርሞ ሥራ ላይ እስኪውል ያቆዩት።