ስፕራይት መሳል ለጀመራችሁ ልጆች

ልጆቼ፣ የጀብዱ ጌሞች ወደ ስፕራይት (ነጥብ በነጥብ ተስሎ ስክሪን ላይ ወደሚንቀሳቀስ ትንሽ ሥዕል) እየተመለሱ ነው ስትሉ ፊታችሁ ሲበራ አያለሁ። ደስ ይለኛል፤ ትንሽም ያሳስበኛል። የምትናፍቁት ዘመን ሲያልፍ አብዛኞቻችሁ አልተወለዳችሁምና፣ መልኩን ወስዳችሁ ሥራውን እንዳትተዉት እፈራለሁ።

እኛ ፒክስልን፣ የስክሪን ሥዕል የሚሠራባትን ትንሿን ነጥብ፣ መርጠናት አልነበረም። ኮሞዶር 64 በተባለው የድሮ የቤት ኮምፒውተር ላይ ሃርድዌሩ የሚሰጠን ስፕራይት 8 ብቻ ነበር፤ የእያንዳንዱ ወርድ 24፣ ቁመቱ 21 ፒክስል። በዚያች ቁራጭ ሜዳ ላይ ሰው እንስል ነበር። ዓይን አንድ ፒክስል ናት። ያቺን ፒክስል አንድ እርምጃ ዝቅ ስታደርጓት ሰውዬው ይተክዛል። ይህን ያስተማረኝ የቦታ እጦት ነው።

በ1990ዎቹ ማብቂያ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ) ገበያው ወደ ስሪዲ (ከሁሉም አቅጣጫ እንዲታይ አንዴ ወደሚቀረጽ ባለ ሦስት ልኬት ምስል) ነጎደ። በ1984 የተጀመረው የጀብዱ ጌም ኪንግስ ኩዌስት እንኳ በ1998 ስምንተኛ ክፍሉን በስሪዲ አወጣ። እኔም ስሪዲ ተማርኩ፤ እንደ አንዳንድ እኩዮቼ አልረገምኩትም። የስሪዲ ገጸ ባሕርይ ኮፍያ ይቀየር ቢባል አንዴ ተሠርቶ ያልቃል። በስፕራይት ግን ኮፍያው በእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም በእያንዳንዱ የእንቅስቃሴ ሥዕል፣ ላይ አለ። በሦስት አቅጣጫ፣ በስድስት ስድስት ፍሬም ቢራመድ 18 ሥዕል ነው፤ ሰውዬው ገና አልተናገረም፣ አልጎነበሰም፣ በር አልከፈተም።

ሦስት አቅጣጫ የሆነው አራተኛውን ስለማንስለው ነው፤ የቀኙን ገልብጠን ግራ እናደርገዋለን። በዚህ ብልሃት ጉድ ሆኜ አውቃለሁ። አንድ ዓይኑን በጨርቅ ያሰረ መርከበኛ ሳልኩ፤ ዞር ባለ ቁጥር ጨርቁ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ይዘላል። እኔ ለወራት ያላየሁትን የመጀመሪያው ተጫዋች ወዲያው አየው። መገልበጡን አትተዉት፣ ጊዜ ያተርፋል፤ ብቻ ገጸ ባሕርዩ በአንድ ጎን ልዩ ምልክት ካለው አራተኛውን ቁጭ ብላችሁ ሳሉት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የስክሪን ልክ ነው። ብዙዎቻችሁ የድሮውን 320 በ200 ፒክስል ትመርጣላችሁ። ቁመቱን ወደ ዛሬው ስክሪን 1080 ስታሳድጉት ለእያንዳንዱ ፒክስል 5.4 የስክሪን ፒክስል ይደርሰዋል፤ ፒክስል ደግሞ አይከፈልም፤ ስለዚህ አንዱ ይወፍራል፣ ሌላው ይቀጥናል፣ ገጸ ባሕርዩም ሲራመድ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። 320 በ180 ብትሉት ግን በ6 ሲባዛ ልክ 1920 በ1080 ይሆናል። ደግሞም 200ው በእኛ ስክሪን ላይ ወደ ላይ ተለጥጦ ይታይ ስለነበር፣ ክብ ጨረቃ ለማግኘት ጠፍጣፋ ጨረቃ እንስል ነበር። እናንተ ያንን ጠፍጣፋ ጨረቃ በማይለጥጠው ስክሪናችሁ ላይ እንዳለ ትቀዱታላችሁ!

ትልልቅ ፒክስል ያለው ሰው ረቂቅ ፒክስል ባለው ክፍል ውስጥ አታቁሙ፤ ይህን አልዘረዝረውም፣ ዓይናችሁ ይነግራችኋል።

ከእኛ ዘመን ጥፋቶች አንዱን ግን ተዉልን። ከጀርባው ሥዕል የማትለይ ቁልፍ መሬት ላይ ጥለን፣ ተጫዋቹ በማውስ ስክሪኑን እያሰሰ እንዲፈልጋት እናደርግ ነበር። እሱን እንቆቅልሽ እንለው ነበር፤ የሥዕል ድክመት ነው። የሚነካ ነገር በቀለምም በቅርጽም ከጀርባው ይለይ።

ስለ መመለሱ ደግሞ፦ ስፕራይት ጨርሶ አልሄደም። አድቬንቸር ጌም ስቱዲዮ የተባለው ነፃ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ገበያው ፊቱን ባዞረበት ጊዜ ሁሉ ሠሪዎቹን ሰብስቦ አቆይቷል። በ2017 በፒክስል የተሳለው የጀብዱ ጌም ቲምብልዊድ ፓርክ ሲወጣ መንገዱ ክፍት ነበር። ከዚያው ጌም ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ሮን ጊልበርት በ2022 ሪተርን ቱ መንኪ አይላንድ የተባለውን ጌም በሌላ የሥዕል ስልት ሲያወጣ፣ ለምን ፒክስል አልሆነም ብለው የተቆጡ አድናቂዎች ነበሩ። እኔ ከሠሪው ጎን ነኝ። ፒክስል ግዴታ ከሆነ የተመለሰው ያው የድሮው እስራችን ነው፤ እናንተ ደግሞ መውጫው በር ተከፍቶላችሁ ነው የገባችሁት።

ዛሬ ማታ ፊት መሳል አትጀምሩ። ሰውዬውን በአንድ ቀለም ሙሉት፣ ጥላ ብቻ ይሁን፣ ከዚያ አስኬዱት። ማን እንደሆነ ከአካሄዱ ካልታወቀ ደግማችሁ አስኬዱት፤ ፊቱን በኋላ ትደርሱበታላችሁ።