ጥያቄና መልስ፦ በፈረቃ ውሃ ጓሮ ማጠጣት

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎኩ ጎን ባለች 12 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ቆስጣ፣ ጎመንና ካሮት ተክለናል። ማታ ማታ 20 ደቂቃ ያህል በጎማ እናጠጣለን። እንዲያም ሆኖ ቀን ላይ ይጠወልጋል፣ መሬቱም ይሰነጣጠቃል። አሁን ደግሞ የብሎኩ ኮሚቴ «ጎማ ክልክል ነው፣ የፈለገ በባልዲ ያጠጣ» አለን። ልክ ነው ወይ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ጎማውን 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ከታችሁ ሰዓት ያዙ። በ80 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 15 ሊትር ይወርዳል ማለት ነው፤ በ20 ደቂቃ 300 ሊትር፣ ማለትም 15 ጀሪካን። በበጋ ፀሐይ ለአንድ ካሬ ሜትር አትክልት በቀን 5 ሊትር ገደማ ይበቃል። የእናንተ ቦታ እንግዲህ የሚፈልገው 60 ሊትር፣ ሦስት ጀሪካን ነው። አሥራ ሁለቱ ጀሪካን በከንቱ ይፈሳል፤ ያውም ለመጠጥ የታከመ፣ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ። ምድር ላይ ጎማ ሲከፈት አራተኛ ፎቅ ቧንቧው ይተነፍሳል እንጂ አያፈስም። የኮሚቴው ቁጣ ከዚህ የመጣ ይመስለናል። እኛን ብትጠይቁን ግን ከጎማው ይልቅ ደቂቃው ላይ ብትስማሙ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ውሃ ጠጥቶ የሚጠወልግበት ምክንያት አፈሩ ነው። በዚያ አካባቢ የሚበዛው መረሬ፣ ማለትም ጥቁሩ ጭቃ አፈር፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በተሰነጠቀ መሬት ላይ የፈሰሰ ውሃ በስንጥቁ በኩል ከሥሩ በታች ይወርዳል። ላዩ ሲያብጥ ደግሞ ይዘጋና ውሃው ያቁራል፤ የታፈነ ሥር ውሃ አይስብም። ስለዚህ መጀመሪያ ስንጥቁን ኮትኩታችሁ በደቃቅ አፈር ድፈኑት። ከዚያ በየቀኑ ማጠጣቱን ትታችሁ በአራት ቀን አንዴ 12 ጀሪካን ስጡት፤ በአንዴ ሳይሆን በሁለት ዙር። አራቱን አጠጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ አፈሩ ሲለሰልስ ስምንቱን ጨምሩ። ላዩን አራት ጣት ያህል ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ጎዝጉዙበት፤ ያን ጊዜ አምስትና ስድስት ቀን ይቆያል።

ቀኑን ከመቁጠር ይልቅ ግን እጃችሁን እመኑ። አንድ ስንዝር ቆፍራችሁ አፈር ጨብጡ። ስትለቁት እንደ በሶ ጭብጦ ተያይዞ ከቀረ ውሃ አይፈልግም፤ ከተፈረፈረ አጠጡ። አዲስ የተዛወረ ችግኝ ብቻ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሰጠዋል። ሰዓቱ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ቢሆን ይመረጣል። ውሃ የሚመጣው ማታ ብቻ ከሆነ ሥሩን አጠጡት፤ ቅጠል ረጥቦ ካደረ በሽታ ይጋብዛል።

ጥያቄ፦ የልብስ እጣቢ ስናጠጣው የሰላጣው ቅጠል ጠርዝ ጠርዙ ተቃጠለ። መድኃኒት አለው?

መልስ፦ እጣቢውን ማቆም ነው። የዱቄት ሳሙና ሶዲየም አለው፤ ቅጠል ያቃጥላል፣ መረሬን ደግሞ ይበልጥ ያጠነክረዋል። በረኪና የገባበትማ ለምንም ተክል አይሆንም። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ብቻ ለዛፍና ለአጥር ተክል አውሉት፤ ሁለቴ ንጹሕ ውሃ፣ አንዴ ማለቅለቂያ እያፈራረቃችሁ። በጥሬው በሚበላ አትክልት ላይ፣ ሰላጣም ሆነ ካሮት፣ አታፍስሱት። ከአንድ ቀን በላይ አታሳድሩት፤ ይሸታል።

ጥያቄ፦ ውሃው ቀስ እያለ ለሥሩ እንዲንጠባጠብ ብለን የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በስተን አፉን ወደ ታች ቀበርነው፤ በሳምንቱ ተደፈነ።

መልስ፦ ጭቃው ነው የደፈነው። ክዳኑን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልላችሁ እሰሩት፣ ዙሪያውን ጭብጥ አሸዋ አድርጉ። ቂጡንም ቁረጡት፤ አየር ካልገባ ውሃው አይወርድም።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ 8 በ6 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ጣሪያ አለን። 1,000 ሊትር ሮቶ ብንገዛ በጋውን ያወጣናል?

መልስ፦ በጋውን እንኳ አያወጣም። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከዚያ ጣሪያ ላይ 480 ሊትር ይሰጣል፤ የሚንጠባጠበውና የሚፈናጠረው ሲቀነስ 400 ቢቀር ነው። ሐምሌ ላይ በጥቂት ቀን ይሞላል፣ ግን ያኔ ማን ያጠጣል? በቀን 60 ሊትር ለሚፈልግ ጓሮ ሙሉው ሮቶ አሥራ ስድስት ቀን ነው። የሚጠቅመው በበልግ፣ ዝናቡ መጥቶ ሲጠፋ ነው። ከበጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ያወርዳልና 50 ሊትር ያህሉን አፍስሱት። አፉን በወንፊት ሸፍኑት፤ አለዚያ የትንኝ መፈልፈያ ይሆናል።

ትልቁ ስህተት ግን መቀመጫው ላይ ነው። ሙሉ ሮቶ አንድ ቶን ይመዝናል። አፈራችሁ መረሬ ከሆነ ክረምት ያነሳዋል፣ በጋ ይጥለዋል፤ ሮቶው ያዘነብላል፣ ቧንቧው ከመገጣጠሚያው ይሰበራል። ጥቁሩን አፈር አውጥታችሁ በሰሌክት (ለግንባታ መሙያ በሚሆን የማያብጥ አፈር) ሙሉ፣ ጠቅጥቁት፣ ከዚያ ኮንክሪት ጣሉበት። ሞልቶ የሚፈሰውንም በቧንቧ ከቤቱ መሠረት አርቁት።