ስልክ ሲበዛብን፦ ከጎንደር አንባቢዎች የመጡ ጥያቄዎች

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ። ለቲክቶክ በቀን 30 ደቂቃ ገደብ አደረግሁ። ደቂቃው ሲያልቅ ግን ራሴው አነሳዋለሁ። ታዲያ ምን ዋጋ አለው?

ዋጋ አለው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የስልክ አጠቃቀምሽን የሚቆጣጠረው የአንድሮይዱ ዲጂታል ዌልቢንግ ደቂቃው ሲያልቅ አፑን ይዘጋል፣ ምልክቱንም ያደበዝዘዋል። ሴቲንግ ገብተሽ ገደቡን ማንሳት ግን ትችያለሽ። ይህንኑ ሥራ የሚሠራው የአይፎኑ ስክሪን ታይም ግን በኮድ ይቆለፋል። አይፎን ካለሽ ኮዱን የዶርም ጓደኛሽ ትሙላው፤ አንቺ አትወቂው።

ደግሞስ 30 ደቂቃን ከየት አመጣሽው? በቀን አራት ሰዓት ስታዪ ከርመሽ ድንገት ግማሽ ሰዓት ካልሽ፣ ገደቡን ማንሳትሽ አይቀርም። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ምንም ሳትከለክዪ ቁጥሩን ብቻ ተመልከቺ። ስልኩን ስንቴ እንደከፈትሽ፣ ስንት ኖቲፊኬሽን እንደመጣልሽ ያሳይሻል። ከዚያ ቀስ በቀስ ቀንሺ። ኖቲፊኬሽኑን ግን ዛሬውኑ አጥፊው። ብዙ ጊዜ ስልካችንን የምናነሳው እሱ ስለጠራን ነው። አንድ ነገር ደግሞ እወቂ፦ የቀኑ ገደብ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ እንደ አዲስ ይጀምራል። አምሽተሽ የምታጠኚ ከሆነ የሚፈትንሽ ያ ሰዓት ነው።

ቤድታይም ሞድን (በመኝታ ሰዓት ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ የሚያደርገውን) ከምሽቱ 4 ሰዓት ብዬ ሞላሁት። ስልኬ ግን ገና በቀን ጥቁርና ነጭ ይሆናል።

ስልክህ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 4 ፒኤም ብለህ ከሞላኸው፣ በኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። 10 ፒኤም በለው።

አዘዞ ነው የምኖረው። የሦስት ዓመት ልጄ ዩቲዩብ ካልተከፈተለት አይበላም።

እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም፤ ይህን ጥያቄ ብዙ እናቶች ይጠይቁኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ባነሰ ቁጥር እንደሚሻል ይመክራል። ያንን አንድ ሰዓት ከምግብ ውጪ አድርጊው። በምግብ ሰዓት የሁላችሁም ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ የአባትየውም ጭምር። ከእናንተ ጋር ከአንድ ትሪ ይብላ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለቅሳል፣ ትንሽም ይበላ ይሆናል፤ ታገሺው። ክብደቱ ከቀነሰ ግን ለሐኪም አሳዪው።

ፒያሳ ሱቅ አለኝ። ትዕዛዝ የምቀበለው በቴሌግራም ነው፤ መዝጋት አልችልም።

አይዝጉት። በአንድሮይዱ ዲጂታል ዌልቢንግ ውስጥ ባለው ፎከስ ሞድ ፌስቡክና ቲክቶክን ብቻ ይምረጡና በሥራ ሰዓት ያቁሟቸው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ቻናሎቹን ሚውት ያድርጓቸው፤ የደንበኞችዎ መልእክት ብቻ ይጩህ። ስልክ ጥሪም እንደወትሮው ይገባል።