ቆሞ የከረመ ሞተር አልነሳ ሲል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምት በወጣ ቁጥር ወደዚህ የሞተር ሳይክል አምድ የሚጎርፈው ጥያቄ አንድ ነው። «ሳቆመው ደህና ነበር፤ አሁን ግን አልነሳ አለኝ።» ብዙዎቻችሁ ደግሞ የምትጽፉልኝ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ ሰጪ) ቀይራችሁ፣ ባትሪ ገዝታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ጭራሽ ሞተሩን አስፈትታችሁ፣ ኪሳችሁ ከተራቆተ በኋላ ነው። እባካችሁ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ቤንዚኑንና ባትሪውን ጠርጥሩ። ሞተር ለወራት ሲቆም ቀድመው የሚበላሹት እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሞተሬ ባለ ካርቡሬተር ነው። አምስት ወር ያህል ቆሞ ነበር። ቾክ ስስብ ይነሳል፣ ቾኩን ስመልሰው ይጠፋል። ነዳጅ እየሰጠሁ ከያዝኩት ይሠራል፤ እጄን ስለቅ ግን ሚኒሞ አይዝም። ካንዴላ ቀይሬያለሁ፣ ለውጥ የለም። ምን ይሻለኛል?
— ቾክ ያሰለቸው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካንዴላው ምንም አላጠፋም። ምልክቱን አጥርተህ ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ፤ የሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳትሰጠው ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ የምትመግበው) ጄት ተደፍናለች።

ካርቡሬተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ ነው፤ ውስጡ ቤንዚን የሚያልፍባቸው ሁለት ዋና ዋና ጄቶች፣ ማለትም ቀዳዳ ያላቸው ትናንሽ ብሎኖች፣ አሉ። ትልቁ ነዳጅ በደንብ ስትሰጥ ይሠራል። ትንሿ ደግሞ ሚኒሞ ላይና ገና ነዳጅ መስጠት ስትጀምር ሞተሩን ትመግባለች። የትንሿ ቀዳዳ በብዙ ሞተሮች ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። ቤንዚን ሲቆም ቀላል ቀላሉ ይተናል፣ የቀረው ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ መጀመሪያ የሚደፍነውም ጠባቧን ቀዳዳ ነው። ቾክ ስትስብ አየሩ ስለሚቀንስ በምታልፈው ጥቂት ቤንዚን ይነሳል። ስትመልሰው አየሩ ይበዛና ቤንዚኑ አይበቃም።

መጀመሪያ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ፈታ አድርገህ የቆመውን ቤንዚን ውስጡ በሚታይ ዕቃ ተቀበለው። ጠቆር ካለና ሽታው የቀለም ቅብ ከሆነ አርጅቷል። ከሥሩ ለብቻው የተኛ ፈሳሽ ካየህ ውኃ ገብቶበታል። በተለይ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን እርጥበት ይስባል፤ ሲበዛበት ውኃውና ኤታኖሉ አብረው ተለይተው ወደ ታች ይወርዳሉ። ታንኩ ውስጥ ያለውም ያው ስለሆነ እሱንም አውጣው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ማጽጃ ፈሳሽ ታንክ ውስጥ ጨምሮ ተአምር ይጠብቃል። ቀዳዳዋ ጠብባ ብቻ ከሆነ ሊረዳ ይችላል። ጨርሳ ከተደፈነች ግን ፈሳሹ በምን በኩል ይለፍ? ስለዚህ መፍታት አይቀርልህም።

ጄቷን አውጣና ወደ ብርሃን አድርገህ በቀዳዳዋ እይ። ክብ ብርሃን ካልታየህ ካርቡሬተር ማጽጃ ንፋባት፣ ትንሽ አቆያት፣ ከዚያ በአየር ግፊት አጽዳት። መነጽር አድርግ፤ የሚረጨው ነገር ዓይን ውስጥ ከገባ ቀልድ የለውም። አልከፈት ካለች ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዘህ አስገባባት። በመርፌ ወይም በብረት ሽቦ እንዳትሞክር። ጄቷ ከናስ የተሠራች ስለሆነች ትሰፋለች፣ ከሰፋች በኋላ ቤንዚን ስታባክን ትኖራለች። የሚኒሞ ማስተካከያዋን ብሎን የምትፈታ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መጨረሻዋን እስክትነካ ድረስ በቀስታ አጥብቃትና ስንት ዙር እንደሄደች ጻፈው። ስትገጥም በዚያው ልክ ትመልሳታለህ። ይቺን የዘለለ ነው ኋላ ሲያስተካክል የሚውለው።

ጥያቄ፦ ቁልፉን ስከፍት ዳሽቦርዱ ይበራል። ስታርተሩን ስጫን ግን «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ብቻ ነው። አንድ ሰው «ሞተሪኖው ተቃጥሏል» አለኝ። ሞተሩ ኢንጀክሽን ነው (ካርቡሬተር የለውም)። ልቀይረው?
— ጠቅታው የሰለቻት

መልስ፦ እህቴ፣ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረውን ሞተሪኖ ለጊዜው ተይው። ጠቅ ጠቅ የሚለው ሪሌው፣ ማለትም ለሞተሪኖው ኤሌክትሪክ የሚለቀው ማብሪያ፣ ነው። ባትሪው ሪሌውን ለመሳብ የሚበቃ ኃይል አለው፣ ሞተሪኖውን ለማዞር የሚበቃ ግን የለውም። «መብራቱ በርቷልኮ» እንዳትይኝ፤ መብራት የሚፈልገው ጥቂት ነው፣ ሞተሪኖ ግን በአንዴ ብዙ አምፒር ይጎትታል።

የቮልት መለኪያ (ቴስተር) ተዋሺ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካነበብሽ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.4 አካባቢ ከሆነ ጎድሏል። 12 ከሆነ ባዶ ነው በይው። ስታርተሩን እየተጫንሽ ደግሞ ሌላ ሰው ያንብብልሽ፤ ከ9.5 በታች ከወረደ ባትሪው ጭነት አይችልም። እነዚህ ቁጥሮች ለተለመደው የሊድ አሲድ ባትሪ ናቸው። ሊቲየም ከሆነ ቁጥሩም ቻርጀሩም ይለያል።

የባትሪውን ጫፎችም እዪ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዙ አጽጂያቸው። ስትፈቺ ኔጌቲቩ መጀመሪያ፣ ስትመልሺ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሁን። ቻርጅ ሲደረግ ቀስ ብሎ ነው፤ ባትሪው 8 አምፒር ሰዓት ከሆነ በ0.8 አምፒር አካባቢ፣ ማለትም በአንድ አሥረኛው። ባዶውን ለወራት የቆመ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ስለሚጠነክር ቻርጅ አልቀበል ሊል ይችላል። ያኔ መግዛት ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም። ከመኪና ባትሪ ኬብል ስበሽ የምታስነሺ ከሆነ የመኪናው ሞተር ይጥፋ። ከተነሳ በኋላ ነዳጅ ትንሽ ሰጥተሽ ለኪ፤ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ካነበብሽ ሞተሩ ባትሪውን እየሞላ ነው።

ሞተሪኖው በደንብ ዞሮ ሳይነሳ ቢቀርስ? ቁልፍ ስትከፍቺ ከታንኩ በኩል ለሁለት ሰከንድ ያህል «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። የነዳጅ ፓምፑ ነው። ዝም ካለ ፊውዙንና የፓምፑን ሪሌ ፈትሺ፤ እነሱ ደህና ከሆኑ ፓምፑ ራሱ በአሮጌ ቤንዚን ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን እጀታው ላይ ያለውን ቀዩን ማጥፊያ እዪ። አትሳቂ! በብዙ ሞተሮች ላይ እሱ ከጠፋ ፓምፑም አይሠራም፣ ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት ሞተሩን ጭኖ መካኒክ ጋ ወስዷል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ለብዙ ዓመት የነዳሁት ባለ ካርቡሬተር ሞተር አለኝ። ለጥቂት ወራት አቁሜው ዛሬ ዘይቱን ሳየው ከላይኛው ምልክት አልፏል። ሽታውም ቤንዚን ቤንዚን ይላል። የልጅ ልጄ «ግድ የለም፣ ይርገጡት፣ ይነሳል» ይለኛል። አንተስ ምን ትላለህ?
— የድሮ ጋላቢ

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎን እንዳያስነሱት። ዘይት ተቀምጦ አይጨምርም፤ ቤንዚን ገብቶበታል። ከታንኩ ወደ ካርቡሬተሩ ቤንዚን የሚለቀው መዝጊያ ሳይዘጋ ቀርቶ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታቆመው የተንሳፋፊዋ መርፌ ደግሞ በቆሻሻ ወይም በእርጅና አልገጥም ካለች፣ ቤንዚኑ ቀስ በቀስ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ከዚያ በፒስተኑ ዙሪያ ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። በቤንዚን የቀጠነ ዘይት ብረቱን ከመፋጨት አያድነውም፤ ይህ አንዱ ነው። የባሰው ግን ሲሊንደሩ ውስጥ ገና ፈሳሽ ካለ ነው። ፈሳሽ እንደ አየር አይታመቅም፣ ፒስተኑ በኃይል ሲመጣበት ቢየላው፣ ማለትም ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ሊጣመም ይችላል።

መዝጊያውን ይዝጉና ካንዴላውን ያውጡ። እሳትና ሲጋራ ከአካባቢው ይራቅ። የማጥፊያው ቁልፍ «አጥፋ» ላይ እንዳለ የማስነሻ ፔዳሉን በቀስታ ጥቂት ጊዜ ይርገጡት፤ ያለው ቤንዚን በካንዴላው ቀዳዳ ይወጣል። ፊትዎን ብቻ ከቀዳዳው ያርቁ። ቀጥሎ መርፌዋንና መቀመጫዋን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ዘይቱን ከነፊልትሮው ይቀይሩ። ቅደም ተከተሉን ካዞሩት አዲሱም ዘይት ቤንዚን ይጠጣል። ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ስለሚያጥበው ካንዴላውን ከመመለስዎ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በቀዳዳው ጨምረው እንደገና ጥቂት ይርገጡ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ቢያወጣ አይደንግጡ፣ የጨመሩት ዘይት እየነደደ ነው፤ ቶሎ ይጠራል። የልጅ ልጅዎን ሰላም ይበሉልኝ፣ ምክሩን ግን አይስሙት።

ጥያቄ፦ ይነሳል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ከዚያ ነዳጅ እንዳለቀበት ተንተፋትፎ ይጠፋል። ቆይቶ እንደገና ይነሳል። ያው ይደጋገማል።

መልስ፦ በጠፋ ጊዜ የታንኩን ክዳን ክፈት። «ትስስ» ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ቶሎ ከተነሳ፣ ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ተደፍናለች። አጽዳት፣ አለቀ። ካልሆነ ታንኩ ግርጌ ያለችውን ወንፊት እይ። ታንክ ጎደሎ ሆኖ ሲቆም ባዶው ክፍል እርጥበት እያገኘ ይዝጋል፣ ዝገቱ ረግፎ ቤንዚኑን ይዘጋዋል። በዚያው የአየር ፊልትሮውን ክፈተው፤ ቆሞ በከረመ ሞተር ውስጥ አይጥ ጎጆ መሥራቷ የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ፍሪሲዮን ይዤ ማርሽ ሳስገባ ዘሎ ይሄዳል ወይም ይጠፋል።

መልስ፦ ሞተሩን ከማርሹ የሚለዩት የፍሪሲዮኑ ሳህኖች ተጣብቀዋል። ሞተሩን አጥፋ፣ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን እንደያዝክ ወደፊትና ወደኋላ እየገፋህ ነቅንቀው። አብዛኛውን ጊዜ ይላቀቃል። እስኪላቀቅ ድረስ ግን ሰው ወይም ግድግዳ ፊት ለፊት ማርሽ አታስገባ።

ጥያቄ፦ ለሚቀጥለው ጊዜ በየሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ እያስነሳሁ ባቆየው አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ይህ ምክር ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ግን ሁሉም ሰው ይነግርሃል። በአምስት ደቂቃ ሞተሩ በቅጡ አይሞቅም፣ ከቃጠሎው የሚወጣው ውኃ ዘይቱና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ውስጥ ይቀራል። ባትሪውም ስታርተሩ የወሰደበትን አያስመልስም። ይልቅ ከማቆምህ በፊት ዘይት ቀይር፣ ታንኩን ሙላና የቤንዚን ማቆያ (ቤንዚኑ ቶሎ እንዳያረጅ የሚያደርግ ፈሳሽ) ጨምርበት። ማቆያው ካርቡሬተሩ ድረስ እንዲደርስ አሥር ደቂቃ ያህል አሠራው፣ ከዚያ መዝጊያውን ዝጋና ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን አፍስስ። ባትሪውን አውጥተህ በየጊዜው ቻርጅ አድርገው። አይጥ እንዳይገባ የማርሚታውን አፍ በጨርቅ ከደፈንክ ደግሞ ማስታወሻ ጽፈህ መሪው ላይ እሰር፤ ሳታወጣው ብታስነሳ ጭሱ መውጫ ያጣል።