ከእጅ ጀምሩ

ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣት ሠዓሊዎችና የጤና ተማሪዎች፣

ሥነ ጥበብና ሳይንስ ስለ ሰውነት አብረው ይሥሩ ሲባል ብዙ ጊዜ የምናየው ይህን ነው፤ የሕክምና ተማሪው ሥዕል ያውሳል፣ ሠዓሊው ያሳምረዋል፣ ኤግዚቢሽን ይከፈታል። እኔ ይህን ማስዋብ እለዋለሁ። ምርመራ የሚጀምረው አንድ ጠረጴዛ ከብባችሁ አንድ ጥያቄ ስትይዙ ነው። ልብና አንጎል ይቆዩ፤ እጅን ያዙ።

ጥያቄው "ጣትን የሚያጥፈው ምንድን ነው?" ይሁን። ግራ እጃችሁን ከቀኝ ክርናችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ክንዳችሁ ላይ አሳርፉና ቀኛችሁን ጨብጡ፤ ጡንቻው ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል። ጣት ውስጥ የሚያጥፍ ጡንቻ የለም፤ የክንድ ጡንቻ በረዥም ጅማት ይስበዋል። በ1510 (እ.ኤ.አ.) ገደማ የሰውነትን አሠራር ከሚያጠናው ሐኪም ከማርካንቶኒዮ ዴላ ቶሬ ጋር ይሠራ የነበረው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ጡንቻን በክር መልክ ሥሏል፤ ወዴት እንደሚስብ እንዲታይ።

እናንተም በካርቶን፣ በስትሮና በሲባጎ ሥሩት፤ ሲባጎው ጅማቱ ነው፣ ካርቶኑ ላይ በተለጠፈው ስትሮ ውስጥ ያልፋል። አውራ ጣት 2፣ ሌሎቹ 3፣ በድምሩ 14 የጣት አጥንቶች አሉ፤ መዳፍ 5፣ የእጅ አንጓ 8 ሲጨመር 27። ስትሮውን መገጣጠሚያው ላይ ቁረጡት፤ ካልተቆረጠ አይታጠፍም። ሠዓሊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚስቱት የጣትን መነሻ ነው። በመዳፍ በኩል ጣቱ ከቆዳው መጋጠሚያ የሚጀምር ይመስላል፤ እውነተኛው መገጣጠሚያ ግን ወደ መዳፍ ገባ ብሎ ነው። ጀርባውን ዳስሱት፣ ጉብታው ይነግራችኋል። የጤና ተማሪው ስሙን ያውቃል፣ ሠዓሊው ቦታውን ያያል። ሲባጎው አልሳብ ካለ ለኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች አሳዩአቸው።

ቀጥሎ የእጅን ቅርጽ በጀሶ ስትቀዱ ሕያው እጅ ጀሶ ውስጥ ፈጽሞ አይነከር! ጀሶ ሲጠነክር ይግላል። በ2007 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ በዚህ ምክንያት አብዛኞቹን ጣቶቿን አጥታለች። መጀመሪያ የጥርስ ሐኪሞች የጥርስን ቅርጽ የሚወስዱበትን፣ በውሃ የሚበጠበጠውን አልጂኔት የተባለ ዱቄት ተጠቀሙ፤ የዱቄቱንና የውሃውን መጠን ከማሸጊያው ውሰዱ፣ እጅ ስለሚነከርበት ግን እንደ አጥሚት ቀጠን ይበል። የውሃው ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። የደሴ የጠዋት ውሃ ስለሚቀዘቅዝ አልጂኔቱ ይዘገያል፣ እጅ ይደክምና ይንቀሳቀሳል፤ ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ደግሞ ሳታማስሉት ይረጋል።

እጁ ሲወጣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጀሶውን ሙሉበት፤ አልጂኔት ውሃው ሲተን ይሸበሸባል። ለአንድ አዋቂ እጅ 600 ግራም ጀሶና 420 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል። ዱቄቱን ውሃው ላይ በትኑ እንጂ ውሃውን ዱቄቱ ላይ አታፍስሱ። መጀመሪያ ጥቂት ጨምራችሁ እያዘነበላችሁ ቅርጹን ነካ ነካ አድርጉት፤ አለበለዚያ አየር ጣቱ ጫፍ ላይ ይቀርና ጥፍር አልባ እጅ ታወጣላችሁ። የተረፈውን ቧንቧ ውስጥ አትድፉ፣ ይደፍነዋል።

እጁን የሚሰጠው ሰው ፈቃዱን በጽሑፍ ያኑር፣ የት እንደሚታይ ጭምር። በማስተማሪያ ክፍል ያለ የሰው አጥንት ግን ያለ ፈቃድ ፎቶ አይነሳም።

ቀለም ለመቀባት አትቸኩሉ። በክረምት፣ በደሴ ጉም፣ ጀሶ ቶሎ አይደርቅም። ጉንጫችሁን አስነኩት፤ ከቀዘቀዛችሁ ውስጡ እርጥብ ነው፣ ቀለሙም ይላጣል።