ጥሎን የሄደውን አባቴን ጉልበት ልሳም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እግዚአብሔር ቢፈቅድ በሚመጣው ዳግማ ትንሣኤ በተክሊልና በቁርባን ልጋባ ነው። አባቴ ገና የ4 ዓመት ልጅ ሳለሁ ጥሎን ሄደ። እናቴ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች፣ አጎቴም ከደመወዙ እየቆረሰ አሳደጉኝ። አሁን ሽማግሌ ሊላክ መሆኑን አባቴ ከሰው ሰምቶ ደወለ። «ልጄን የምድረው እኔ ነኝ፤ ሽማግሌውም የሚመጣው እኔ ጋ ነው» አለኝ። እናቴ ደግሞ «እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ» ብላለች። የእጮኛዬ ቤተሰቦች «አባት እያላት እንዴት በአጎት ትዳራለች? ሰው ምን ይላል?» ይላሉ። «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለው ትእዛዝ ለእንዲህ ዓይነት አባትም ይሠራል? የጥሪ ካርዱ ላይስ ማን ይጻፍ? በሰርጌ ቀን ጉልበቱን ልሳም?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ አባትሽ የምትጠይቂ መስሎኝ ነበር። መልሼ ሳነበው ግን ልብሽን የከበደው የእናትሽ ነገር እንደሆነ ገባኝ። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

«እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ» ስትልሽ ቂም ብቻ አድርገሽ አትስሚው። እናትሽ አንቺን ለማሳደግ ስንት ዓመት ምጣድ ፊት ተቀምጣለች። ጭሱን ዓይኗ ያውቀዋል። አሁን አገር በሚሰበሰብበት ቀን አንድ ሰው ሱፉን ለብሶ መጥቶ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ «የሙሽራዋ አባት» ሊባል ነው። ያ ሁሉ ዓመት በአንድ ከሰዓት እንዳይጠፋባት የፈራች ይመስለኛል። የፈራ ሰው ደግሞ ቁጣ ይቀድመዋል።

ይህን የምልሽ ራሴ አንድ ጊዜ ስለተሳሳትኩ ነው። ከዓመታት በፊት እንደ አንቺ ያለ ጥያቄ ይዞ የመጣ ወጣት ነበር። እኔም ቸኩዬ «አባት አባት ነው፣ ይቅር በለውና ጥራው» አልኩት። ልጁ ታዘዘኝ። እናቱ ግን አባትየው መጠራቱን የሰማችው ከጎረቤት ነው። የሰርጉ ዕለት ልትባርክ፣ ልትመርቅ ወደ ዳሱ አልወጣችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ጓዳ ውስጥ ወጥ ስታማስል ዋለች። ጉልበቷን የሳሙት እዚያው፣ ከድስቶቹ መሃል ነው። ያቺን ሴት እስከዛሬ አልረሳኋትም። ምክሬ ከመጽሐፍ የወጣ ነበር፤ ግን እናቱን ሳልጠይቅ የሰጠሁት ምክር ነበር።

አሁን ወደ ትእዛዙ እንምጣ። አዎ፣ «አባትህንና እናትህን አክብር» ለአንቺም አባት ይሠራል። «ጥሎሽ ካልሄደ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አልተጻፈበትም። ግን ማክበር ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ኖኅ ሰክሮ በድንኳኑ ዕርቃኑን በተኛ ጊዜ ካም አይቶ ለወንድሞቹ ነገራቸው። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በትከሻቸው ይዘው ወደ ኋላ እየሄዱ አለበሱት። አባታችን አልሰከረም አላሉም። ዕርቃኑን አላዩም፣ ለሰውም አላወሩም፤ ሸፈኑት። አንቺም የምትጠየቂው ይህንን ነው። የአባትሽን ጥፋት በሰርጉ ሰሞን ለዘመድ ሁሉ አትዘርዝሪ። ስሙ ሲነሳ አታዋርጂው። ስልክ ሲደውል አንሺ፣ በጨዋ ቃል መልሺ። ይህ ክብር ነው።

ሽማግሌ እሱ ጋ ይምጣ፣ እሱ ይዳር የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ቤተሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖትን የካደ፣ ከማያምን ሰው ይልቅ የሚከፋ ነው ብሏል (1ጢሞ. 5፥8)። አባትነት ከባድ ሸክም ነው። ሸክሙን ሌላ ሰው ተሸክሞት ከደረሰ በኋላ በራፍ ላይ «አምጣ፣ እኔ ይዤ ልግባ» ማለት አይቻልም።

«በአጎት ይዳራል ወይ?» ለሚሉሽ የርብቃን ታሪክ ንገሪያቸው። የአብርሃም ሎሌ ርብቃን ለይስሐቅ ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ አባቷ ባቱኤል አለ። ነገሩን ፊት ሆኖ የያዘው ግን ወንድሟ ላባ ነው። ስጦታውም ለወንድሟና ለእናቷ ተሰጠ። «ጥቂት ቀን ትቆይልን» ያሉትም ወንድሟና እናቷ ናቸው። መጨረሻ ላይ ምን አደረጉ? ራሷን ጠርተው «ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን?» አሏት። «እሄዳለሁ» አለች (ዘፍ. 24)። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ እናትሽ ቤት ይምጡ፤ አጎትሽ ይቀበላቸው። ነውር የለበትም። በነገራችን ላይ የአገራችንም የቤተሰብ ሕግ፣ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው፣ ለጋብቻ የሚጠይቀው የተጋቢዎቹን የራሳቸውን ፈቃድ ነው።

አንድ የማልፈው ነገር ግን አለ። አንቺ የምትጋቢው በቁርባን ነው። ሥጋውንና ደሙን ልትቀበዪ ነው። ጌታ ደግሞ «በዚያ በመሠዊያው ፊት መባህን ትተህ ሂድ፥ አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ብሏል። ወንበሩን ለማን እንደምትሰጪ መወሰን ትችያለሽ። ቂም ይዘሽ መቁረብ ግን አትችዪም። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ስለ አባትሽ ልብሽ ውስጥ ያለውን ሳታሳምሪ፣ እንዳለ ንገሪያቸው።

ጊዜውም ተመችቶሻል። ከዳግማ ትንሣኤ በፊት ዐቢይ ጾም አለ፤ 55 ቀን። ሰርግ የማይደገስበት ወቅት ስለሆነ ሩጫው ይቀንሳል፤ ለዕርቅ የሚሆን ጊዜ ታገኛለሽ። መጀመሪያ እናትሽ ጋ ሂጂ። በስልክ አይሆንም። ቡና አፍልተሽ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ «እማ፣ ያለ አንቺ ሰርግ የለኝም» በያት። ይህን ካልሰማች ቀጥሎ የምትያት ነገር ሁሉ ጆሮዋ አይገባም። ከዚያ ምን እንደሚያማት ጠይቂያት፤ አታቋርጫት። ታልቅስ። ስለ አባትሽ በዚያ ቀን ምንም አትወስኑ።

ከሰነባበተች በኋላ፣ እሺ ካለች፣ ንስሐ አባትሽና አንድ ሁለት የሚከበሩ ሽማግሌዎች አባትሽን ያነጋግሩት። ሊነግሩት የሚገባው ቀላል ነው፦ «ልጅህ ሰርግ ላይ ከመቆምህ በፊት እናቷን ይቅርታ ጠይቅ።» እዚያ ላይ ሰውዬውን ታውቂዋለሽ። እውነት ልጁን ፈልጎ ከሆነ ይመጣል። የፈለገው ወንበሩን ብቻ ከሆነ ይቆጣል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርሽ። እናትሽን ይመታት የነበረ ሰው ከሆነ ፊት ለፊት አታገናኟቸው። ይቅርታ በሽማግሌ በኩልም ይደርሳል። ዕርቅ ብላችሁ ያረጀ ፍርሃቷን አትቀስቅሱባት።

የካርዱ ጉዳይ ያን ያህል ሊያስጨንቅሽ አይገባም። ጠሪዎቹ እናትሽና አጎትሽ ይሁኑ፤ ደጋሾቹ እነሱ ናቸው። ቀጥሎ የአንቺ ስም ይጻፋል። ከአንቺ ስም አጠገብ ያለው የማን ስም ነው? የአባትሽ አይደል? እሱ ቤት ሳይኖርም ስሙ በትምህርት ቤት ደብተርሽ ላይ፣ በመታወቂያሽ ላይ አብሮሽ ኖሯል። ካርዱ ላይም አለ። ቅር ቢለው ይህንኑ በፍቅር ንገሪው።

የእጮኛሽን ቤተሰቦች በተመለከተ፣ አንቺ አትከራከሪያቸው። እጮኛሽ ራሱ ያናግራቸው። ባል የሚሆን ሰው ገና ከጅምሩ የሚስቱን እናት ስም መጠበቅ ይለማመድ። ይህን በዝምታ ካሳለፈው ግን ቁጭ ብላችሁ ልትነጋገሩበት ይገባል።

ጉልበቱን ልሳም ወይ ላልሽኝ፣ ሳሚው። ግን የት እና መቼ የሚለው ለውጥ ያመጣል። በሰርጉ ጠዋት ከቤት ስትወጪ መጀመሪያ የእናትሽን ጉልበት ሳሚ፣ ቀጥሎ የአጎትሽን። ያቺን ደቂቃ ለማንም አታጋሪባት። ዕርቁ ከሰመረና እናትሽ «ይምጣ» ካለች አባትሽም እዚያው ይሁን፤ ከአጎትሽ ቀጥሎ ይመርቅሽ። ካልሰመረ ከሰርጉ በፊት ባለው ሳምንት ከእጮኛሽ ጋር ሆናችሁ አባትሽ ያለበት ድረስ ሂዱ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ጋቢ ያዙለት። ጉልበቱን ሳሙ፣ ምርቃቱን ተቀበሉ፣ ተመለሱ። መሄዳችሁን እናትሽ አስቀድማ ከአንቺ አፍ ትስማ።