ግራ እጁን አድምጡ፦ ስለ ድራመሮች ለጠየቃችሁን

ባለፈው እትም «የምትወዱት ድራመር ማን ነው? ምኑን ነው የወደዳችሁት?» ብለን ጠይቀን ነበር። «ማን» ለሚለው ብዙ ስም መጣ። «ምኑን» ለሚለው ግን አብዛኛው ሰው የመለሰው «ፍጥነቱን» ብሎ ነው። እኛ በዚህ አንስማማም፤ ለምን እንደማንስማማም ከመልሶቻችን ትረዱታላችሁ። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የጄምስ ብራውን ድራመር የነበረውን ክላይድ ስተብልፊልድን ሙዚቀኛ ሁሉ ሲያደንቀው እሰማለሁ። ለእኔ ጆሮ ግን ተራ ምት ነው፤ ሶሎ እንኳ አይጫወትም። ምኑ ነው የሚደነቀው? (ከሐዋሳ)

ሶሎ አለመጫወቱ ራሱ ነው አንዱ ምክንያት። በ1969 ሲንሲናቲ ውስጥ በተቀረጸው «ፈንኪ ድራመር» ላይ ጄምስ ብራውን ሌሎቹን ሙዚቀኞች ዝም ከማሰኘቱ በፊት ድራመሩን «ሶሎ አያስፈልግም፣ የያዝከውን ይዘህ ቀጥል» ሲለው ይሰማል። ከዚያ ድራሙ ብቻውን ለስምንት ባር (ባር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ተብሎ የሚቆጠር አንድ ዙር ነው)፣ ወደ 20 ሰከንድ ገደማ፣ ይቀራል። ከ1980ዎቹ ወዲህ የሂፕ ሆፕ አዘጋጆች እየቆረጡ ሲጠቀሙበት የኖሩት ያንን ቁራጭ ነው። ስተብልፊልድ በደራሲነት ስላልተመዘገበ ከዚያ ሁሉ የደራሲ ድርሻ አላገኘም። በ2017 ነው ያረፈው።

አሁን ወደ ምቱ እንግባ። አንዱን ባር 16 እኩል ቦታ ላይ ይክፈሉት። ቀኝ እጅ ብቻውን 16ቱንም ሃይሃት (በፔዳል የሚከፈቱና የሚዘጉ ጥንድ ሳህኖች) ላይ ይመታል። ስኔር (ከፊት ያለው ስል ድምፅ ያለው ድራም) ላይ ሁለት ጠንካራ ምቶች አሉ፣ በ5ኛው እና በ13ኛው። እዚህ ላይ ካቆሙ እርስዎ እንዳሉት ነው፣ ተራ ምት ነው። በ8ኛው፣ በ10ኛው፣ በ12ኛው እና በ16ኛው ቦታ ላይ ግን ግራ እጁ ስኔሩን ነካ፣ ነካ ያደርጋል። እነዚህ ጎስት ኖት የሚባሉት ናቸው። ድምፃቸው ከሃይሃቱ በታች ነው። በስልክ ስፒከር ካዳመጡ አይሰሙም፤ ለእርስዎ ተራ የመሰለዎትም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉና ደግመው ይስሙት።

ለመለማመድ ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ ያድርጉ። ለጠንካራው ምት የስቲኩ ጫፍ ከስኔሩ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይነሣ፣ ለጎስት ኖቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ጎስት ኖት አይመታም፤ ስቲኩ በራሱ ክብደት እንዲወድቅ ይለቀቃል። ችግሩ የሚመጣው በ5ኛው ቦታ ከሚመቱት ጠንካራ ምት በኋላ ነው። ስቲኩ ነጥሮ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከላይ እንዳለም 8ኛው ይደርስበታል፣ ስለዚህ ጎስት ኖቱ ከሚገባው በላይ ይጮኻል። መፍትሔው ከጠንካራው ምት በኋላ ስቲኩን በጣቶች ይዞ ታች ማስቀረት ነው። ለዚህ ልምምድ ከሃይሃቱ ውጪ፣ ግራ እጅን ብቻውን ይዘው ጥቂት ቀን ቢቆዩ አይበዛም።

ሌላው ስሕተት የቀኝ እጅ ነው። ግራው ጠንከር ሲል ቀኙም አብሮ ይጠነክርና ሃይሃቱ 5ኛው እና 13ኛው ላይ ይጮኻል። ራስዎን በስልክ ቀርጸው ቢሰሙ ወዲያው ያገኙታል። ሳይዛነፍ ሁለት ደቂቃ መቆየት ሲችሉ በ4፣ በ4 እየጨመሩ ይሂዱ። ዋናው ቅጂ 100 አካባቢ ነው። እዚያ ሲደርሱ ጎስት ኖቱ ከፍ፣ ጠንካራው ምት ዝቅ እያለ ሁለቱ እኩል መሆን ከጀመሩ ፍጥነቱ ቀድሞዎታል ማለት ነውና ይመለሱ።

ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ ድራም ካልተማርኩ ብላለች። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ምን ልግዛላት? ማንንስ ትስማ? (ከአዲስ አበባ፣ ጀሞ)

ለመጀመሪያዎቹ ወራት ድራም አይግዙ። ባለ 12 ኢንች የጎማ መለማመጃ ፓድ፣ 7ኤ ወይም 5ኤ ቁጥር ያለው ስቲክ እና የስልክ ሜትሮኖም ይበቃታል። ፓዱን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት ጠረጴዛው ራሱ ድምፅ ያጎላል፤ ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ ያድርጉለት። ወንበሯ ጭኗ ከጉልበቷ ትንሽ ከፍ እንዲል የሚያደርግ ይሁን።

ለመስማት የሮሊንግ ስቶንሱ ቻርሊ ዋትስ ይሻላታል። ከ1963 ጀምሮ በ2021 እስኪያርፍ እዚያው ባንድ ውስጥ በትንሽ ድራም ነው የሠራው። ምስሉንም ታይ። ስኔሩን በሚመታበት ቅጽበት ቀኝ እጁን ከሃይሃቱ ላይ ያነሣል። ሁለቱ አብረው ስለማይሰሙ ስኔሩ ብቻውን ጥርት ብሎ ይወጣል። በፓድ ላይ በአንድ ከሰዓት ልትሞክረው የምትችለው ነገር ነው።

ቶኒ አለንን ስሰማ የት ጋ «አንድ» (የባሩ መጀመሪያ) እንደሆነ ይጠፋብኛል፤ ግን እግሬ አያርፍም። ምን እያደረገ ነው? (ከአዳማ)

ቶኒ አለን በ1940 ሌጎስ ተወልዶ በ2020 ፓሪስ ያረፈ ድራመር ነው። በ18 ዓመቱ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒሻን እያለ ነው ድራም የጀመረው። ከ1964 አንሥቶ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ከናይጄሪያዊው ዘፋኝ ፌላ ኩቲ ጋር ሠርቷል፤ አፍሮቢት የሚባለው ሙዚቃ የቆመው በሁለቱ ላይ ነው።

በዚያው ዘመን የአሜሪካ ፈንክ ድራመር «ሁለት» እና «አራት» ላይ ስኔሩን ያስጮኻል፤ አድማጩም በዚያ ይይዘዋል። አለን ይህን ምልክት ይነፍግዎታል። ስኔሩን እዚህም እዚያም ይበትነዋል። ባስ ድራሙም (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) ምቱን ከመቁጠር ይልቅ ሐረግ ነው የሚጫወተው። እርስዎ «አንድ»ን የሚያጡት ለዚህ ነው። የሚያስጨፍርዎት ደግሞ ያ ሐረግ ሳይዛነፍ ተመልሶ ተመልሶ መምጣቱ ነው፤ የፌላ ዘፈኖች ከ10 ደቂቃ በላይ ሲሄዱ እሱ ጥቃቅን ለውጥ ብቻ እያደረገ እዚያው ይቆያል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግራ እግሩን ነው። አለን የጃዝ ድራመሩ ማክስ ሮች ስለ ሃይሃት የጻፈውን አንብቦ እንደተለማመደ ተናግሯል። ሃይሃቱን በእግሩ ከፈት ዘጋ ያደርጋል፤ ያቺ አጭር «ጺ» የምትል ድምፅ ከዚያ ነው የምትመጣው። ለእርስዎ የምንመክረው ግራ እግርን ብቻ መጀመሪያ ማሠልጠን ነው። ቀኝ እጅ ስምንት እኩል ምት ይምታ፣ ግራ እግር ከእያንዳንዱ ቁጥር ቀጥሎ ባለው ግማሽ ላይ ይክፈት፣ ቁጥሩ ላይ ይዝጋ። አምስት ደቂቃ ያለ ስኔር፣ ያለ ባስ። ይህ ሲረጋ ባስ ድራም ይጨምሩ፣ ስኔር መጨረሻ ይግባ። አራቱን በአንዴ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ ግራ እግሩ ደርቆ ይቀራል።

ደግሞ በቀስታ ይምቱ። አለን ድራም የሚደበድብ ሰው አልነበረም። ባስ ድራሙን በጣም ከመቱት ሐረጉ ይጠፋና ጉብጉብታ ብቻ ይቀራል። ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ አሳርፈው ቢጫወቱ ድምፁ በራሱ ይለዝባል።

በሰርግ የምንጫወት ባንድ ነን። ድራመራችን አሜሪካዊ ነው፤ ጎበዝ ነው፣ ግን ችክችካ ሲመታ ዋልዝ ይሆንብናል። ምን እንበለው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ዋልዝ የሚሆነው በሦስት ስለሚቆጥረው ነው፤ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ ሁልጊዜ «አንድ» ከብዶ። ችክችካን እስከ ስድስት ይቁጠረው፣ ክብደቱም 1 እና 4 ላይ ይረፍ። ሁለቱ ግን እኩል አይደሉም፤ 1 ወፍራም ነው፣ 4 ስል ነው። ይህንን ከከበሮው ነው የሚረዳው። ከበሮ ሁለት ፊት አለው፣ ሰፊውና ጠባቡ። ሰፊው ፊት ባስ ድራሙ ነው፣ ጠባቡ ስኔሩ። ድራሙ ላይ ከመቀመጡ በፊት ከበሮ ከሚመታ ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ ሁለት ዘፈን ያጨብጭብ።

ለመነሻ ይህችን ይምታ፦ ሃይሃት ስድስቱም ላይ፣ ባስ ድራም 1 ላይ፣ ስኔር 4 ላይ። ሃይሃቱም 1 እና 4 ላይ ጠንከር ይበል፣ የቀሩትን አራቱን ዝቅ ያድርግ፤ ስድስቱን እኩል ከመታ ዘፈኑ የልብስ ስፌት መኪና ይሆናል። ይህ ሲገባው 3 እና 6 ላይ በግራ እጁ ጎስት ኖት ይጨምር። እስክስታው ትከሻ ላይ የሚገባው እነዚህ ሁለቱ ሲገቡ ነው። ከላይ ለሐዋሳው ጠያቂያችን ያልነው የስቲክ ከፍታ እዚህም ይሠራል።

ዋልዙ ተመልሶ የሚመጣባት ሌላ ቦታ አለች። ድራመሩ ወደ አዝማቹ ሲያሻግር በለመደው በአራት የሚከፈል ፊል (መሸጋገሪያ ምት) ይጫወትና ሲመለስ «አንድ» ይስታል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰርጎች ፊል ይከልከል። ከ4 እስከ 6 ሦስት የስኔር ምት ይበቃዋል።

ፍጥነቱንም ይጠብቅ። ሙሽሮቹ ተነሥተው ጭፈራው ሲሞቅ ባንዱ ሳያውቀው ይሮጣል፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ባሱም ኖት መዝለል ይጀምራል። ዘፈኑን ቀርጻችሁ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ደቂቃ በሜትሮኖም ለኩት፤ ከ6 እስከ 8 ምት በላይ ከጨመረ ጥፋቱ የድራመሩ ብቻ ስላልሆነ ባሲስቱንም ጥሩት።

የሚሰማ ከፈለጋችሁ፣ የአዲስ አበባ ሒልተን ባንድ የነበረው ዋልያስ በ1977 ባወጣው አልበም ላይ ድራሙን የመታው ተማረ ሐረጉ ነው። ኦርጋኑና ነፋስ መሣሪያዎቹ ሲገቡ እንዴት ቦታ እንደሚለቅላቸው ያድምጥ። የዋልያስ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ2020 ያወጣውንም ስጡት። ኬኔት ጆሴፍ ድራም ላይ፣ ዓለምሰገድ ከበደ ባስ ላይ ናቸው። መሠረቱ የሦስቱ ሆኖ እንግዳ ሙዚቀኞችም ስላሉበት ድራሙን ለይቶ ያድምጥ።

ባለ 22 ኢንች ባስ ድራም አለኝ። ትራስ ከትቼበታለሁ፣ የፊት ቆዳውን ቀድጃለሁ፤ የሌድ ዘፕሊኑ የጆን ቦናም ድምፅ ግን ሊመጣልኝ አልቻለም። (ከመቀሌ)

ያደረጉት ነገር ሁሉ ከዚያ ድምፅ የሚያርቅዎት ነው። የቦናም ባስ ድራም 26 ኢንች ነበር፣ የፊት ቆዳው ያልተቀደደ፣ ሁለቱም ቆዳዎች በደንብ የተወጠሩ። በ1971 በወጣው አልበም ላይ ያለው፣ ሰዎች ሁሉ የሚመኙት ድምፅ የተቀዳው ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል የእንግሊዝ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ድራሙ ደረጃው ሥር ካለው አዳራሽ ተቀመጠ፣ ሁለት ማይክ ከላይ ከደረጃው ተንጠለጠለ፣ ባስ ድራሙ አጠገብ ማይክ አልነበረም። ግማሹ ድምፅ የቤቱ ነው፤ እሱን በ22 ኢንች አያገኙትም። ቀሪውን ግን ያገኛሉ።

ትራሱን ያውጡ። ያልተቀደደ የፊት ቆዳ ይግዙ። የሁለቱንም ቆዳ ብሎኖች ሙሉ በሙሉ አላልተው መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ በድራም ቁልፍ ግማሽ ግማሽ ዙር ያጥብቁ፣ ሁልጊዜ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገሩ። በተርታ ከዞሩ ቆዳው ወደ አንድ ወገን ይሳባል። የሚመታው ቆዳ ላይ ያለው ሽብሽብ ሲጠፋ አንድ ሩብ ዙር ይጨምሩ። የፊተኛው ከዚያ ትንሽ ይበልጥ ይወጠር።

ከዚያ እግርዎን ይመልከቱ። መዶሻው ቆዳውን መትቶ እዚያው ተጭኖ ከቀረ ድምፁ ይታፈናል፣ ምንም ቢወጥሩት። ወዲያው ይመለስ። ክፍሉ ጠባብ ሆኖ ከመጠን በላይ ካስተጋባ ትንሽ ፎጣ ጠቅልለው የሚመታውን ቆዳ የታችኛውን ጠርዝ ብቻ እንዲነካ ያስገቡ። መድረክ ላይ የድምፅ ባለሙያው «ማይክ የት ላስገባ?» ብሎ ማጉረምረሙ አይቀርም። ከፊት ቆዳው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቆ፣ ከመሐሉ ትንሽ ወደ ጎን ያቁመው።